ከመሃል ጀምሩ፦ የልጅ ልጄና ሦስቱ ክቦች

ባለፈው ቅዳሜ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የልጅ ልጄ የሂሳብ ደብተሯን ይዛ መጣችና «እማማ፣ ይሄ ነገር እምቢ አለኝ» አለችኝ። ገጹ ላይ የተደራረቡ ሦስት ክቦች ተሥለዋል። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ በአንድ የዳባት ጎጥ 42 አባወራዎች አሉ፤ 25ቱ ገብስ ይዘራሉ፣ 20ዎቹ ድንች ይተክላሉ፣ 18ቱ በግ ያረባሉ። እሷ ሦስቱን ደምራ 63 አግኝታለች። «42 አባወራ እንዴት 63 ይሆናል?»

ድመራዋ ልክ ነው። ስህተቱ ገብስም ድንችም ያለውን አባወራ ሁለት ጊዜ፣ ሦስቱም ያለውን ሦስት ጊዜ መቁጠሯ ነው። በእንግሊዛዊው ጆን ቬን ስም የሚጠራው ይህ ሥዕል የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ሦስቱ ክቦች ስምንት ቦታ ይሰጡናል፦ አንድ ነገር ብቻ ላላቸው ሦስት፣ ሁለት ነገር ላላቸው ሦስት፣ ሁሉም ላላቸው መሃሉ፣ ምንም ለሌላቸው ደግሞ ከክቦቹ ውጭ ያለው።

ዘዴው ከመሃል መጀመር ነው። ሦስቱም ያላቸው 4 ናቸው ተብሏል፤ መሃል ላይ 4 ጻፍን። ገብስና ድንች ያላቸው 10 ሲሆኑ እነዚያ 4ቱ በውስጡ ስላሉ 6 ቀረ። ድንችና በግ 8 ነበር፤ 4 ቀረ። ገብስና በግ 9 ነበር፤ 5 ቀረ። ከዚያ ወደ ዳር ወጣን። ከገብሱ 25 ላይ 4፣ 6 እና 5 ሲቀነስ ገብስ ብቻ ያላቸው 10 ሆኑ። በዚሁ መንገድ ድንች ብቻ 6፣ በግ ብቻ 5 ሆነ። ሁሉም ሲደመር 40 መጣ። የቀሩት 2 ከክቦቹ ውጭ ናቸው።

«እነሱስ ምን ይበላሉ?» አለች። «ስንዴ ይዘሩ ይሆናል» አልኳት።

ወላጆች፣ «ብቻ» የምትለዋን ቃል ልጆቻችሁ ጮክ ብለው እንዲያነቡ አድርጉ። «ገብስ የሚዘሩ» 25 ናቸው፤ «ገብስ ብቻ» ያላቸው ግን 10።

ይህን ሳስረዳት አንድ የድሮ በሽተኛ ትዝ አለኝ። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ወደ ደጋው የተመለሰ ወጣት ነበር። ትኩሳት ነበረበት፤ ደሙ ሲመረመር ወባ ተገኘ። መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘሁት፤ ሌላ አልጠየቅሁም። ከወር በኋላ አባቱ በቃሬዛ አስይዘው አመጡት። ከስቷል፣ ጣፊያው አብጧል። ወደ ጎንደር ላክነው፤ ካላዛርም ነበረበት። ታክሞ ዳነ፤ እኔ ግን ያን ቃሬዛ አልረሳሁም።

ወባ በትንኝ፣ ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ይተላለፋሉ፤ ሁለቱም በቆላው አሉ። አንዱ መገኘቱ ሌላውን አያስወጣውም። ሦስተኛው ክብ ኤች አይ ቪ ነው፤ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ከካላዛር ጋር ሲገናኝ ሕክምናው ይከብዳል፣ በሽታውም ያገረሻል። ካላዛር ደግሞ ካልታከመ ይገድላል።

ስለዚህ ከመተማ ወይም ከሁመራ የተመለሰ ልጃችሁ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ «ወባ ነው ተብሏል» ብላችሁ አትቀመጡ። የት እንደነበረ ለጤና ባለሙያው ንገሩ፤ «ሌላስ ሊኖርበት ይችላል?» ብላችሁም ጠይቁ።

የልጅ ልጄ ደብተሯን ከመዝጋቷ በፊት መሃል ላይ ያለችውን 4 በቀይ እስክሪብቶ ከበበቻት። እኔም በዚያ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሥዕል ባየሁ ኖሮ አልኩ።