ሆርሞን የማይቀይረው ድምፅ

ኢስትሮጅን የጀመሩ ብዙ ትራንስጀንደር ሴቶች ድምፃቸውም አብሮ እንዲቀጥን ይጠብቃሉ። አይቀጥንም። በጉርምስና የወፈረን የድምፅ አውታር ሆርሞኑ መልሶ አያሳሳውም፤ ቴስቶስትሮን ግን የትራንስጀንደር ወንዶችን ድምፅ ያጎረንናል። ስለዚህ ሴቶቹ በራቸውን ዘግተው ይለማመዳሉ።

የወንድ ድምፅ በአማካይ 120፣ የሴት ደግሞ 200 ኸርዝ ገደማ ነው። ይህን በስልክ መተግበሪያ መከታተል ይቻላል፤ ቁጥር ብቻ ማሳደድ ግን ትርፉ ድካም ነው። ድምፁ በጉሮሮና በአፍ ውስጥ የሚያስተጋባበት መንገድም ትልቅ ድርሻ አለው።

ጎረቤት እንዳይሰማ ብሎ ማንሾካሾክ አያዋጣም። አሜሪካዊው የድምፅ ሳይንቲስት ኢንጎ ቲትዘ በስፋት ያስተዋወቀው የስትሮው ልምምድ ይሻላል፦ ቀጭን ስትሮው በከንፈር ገጥሞ፣ በውስጡ እያንጎራጎሩ ድምፅን ቀስ ብሎ ማውጣትና ማውረድ። ጩኸት የለውም፤ አውታሮቹንም አያስጨንቅም።

ጉሮሮ ካመመ ልምምዱ ወዲያው ይቁም፤ መሻከሩ ከሰነበተ ሐኪም ይየው።