የእሳት አደጋ መኪና ሲገዛ ቱቦውም ይጠየቅ

የመተማ ቆላ ሰሊጥ ታጭዶ በሂላ የሚደርቀውና መጋዘን የሚገባው ዝናብ ካቆመ በኋላ ነው። የፍሬው ግማሽ ያህሉ ዘይት በመሆኑ ክምችቱ ከተቀጣጠለ ማጥፋቱ ቀላል አይሆንም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ገበያ የእሳት አደጋ መኪና ሲታሰብ በቅድሚያ የሚጠየቀው የታንከሩ ሊትርና የፓምፑ ጉልበት ነው። ይሁን እንጂ መኪናው መግቢያ ሲያጣ፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ ቃጠሎ እንደታየው፣ እሳቱ ዘንድ የሚደርሰው ቱቦው ብቻ ነው።

ቱቦን መዘርጋት ፈጣን ሲሆን ጊዜ የሚበላው መልሶ መጫኑ ነው። ውስጡ 65 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የ15 ሜትር ቱቦ 50 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። 300 ሜትር ለመድረስ 20 ቱቦ ስለሚያስፈልግ፣ መፍሰስ ያለበት ውሃ ብቻ አንድ ቶን ይሆናል። ከዚያም ቱቦው እየታጠፈ ይደረደራል። መደርደሪያው ጣራ ላይ ከሆነ ሠራተኛው ወጥቶ ከታች እየተቀበለ መደርደር ግድ ይሆንበታል፤ በድካም ላይ የመውደቅ አደጋም አለ።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የታንከሩን ቅርጽ ለውጦ መደርደሪያውን እስከ ደረት ማውረድ ሲሆን፣ ለዕቃ ማስቀመጫ የሚሆን ቦታ ሊሻማ ይችላል። ሁለተኛው በሃይድሮሊክ ዝቅ የሚል መደርደሪያ ነው፤ ይህኛው ዋጋው ከፍ ይላል፣ አቧራ ባለበት አገርም ጥገና ይፈልጋል።

በመሆኑም ገዢ ለሻጩ ሊያቀርበው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ከመጀመሪያው እሳት በኋላ መኪናው ለሁለተኛው በስንት ሰውና በስንት ደቂቃ ይዘጋጃል?