ሞተሩ እምቢ ሲል

በሬዲዮ የሰማችሁትን ንግግር አሁን በጽሑፍ ይዛችሁታል። ጣታችሁን በመስመሩ ላይ እያስኬዳችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የዛሬው ጉዳያችን የጀልባ ሞተር ነው። ትልልቆቹን የናፍጣ ሞተሮች ለሌላ ቀን እንተዋቸውና በቤንዚን ስለሚሠራው፣ ከጀልባ ኋላ ስለሚታሰረው ሞተር እንነጋገር።

እስቲ እንዲህ አስቡት። ከደቅ ደሴት ወደ ባሕር ዳር ትጓዛላችሁ። ሰዓቱ አሥር ሆኗል። ጀልባዋ ላይ ስምንት ሰው፣ ሁለት በግና አንድ ኩንታል እህል አለ። ሞተሩ መንገድ ላይ ይጠፋል። ቁልፉን ብታዞሩት እምቢ ይላል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ሊጨልም የቀረው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ምን ታደርጋላችሁ?

በመጀመሪያ መልህቁን ጣሉ። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ረዘም ያለ ገመድ ያለው መልህቅ ይይዝላችኋል፤ ነፋስም ወደ ድንጋይ አይገፋችሁም። ሰዎቹ ተንሳፋፊ ጃኬታቸውን ይልበሱ።

ቀጥሎ አሽትቱ። የቤንዚን ሽታ አለ? ካለ ቁልፉን አትንኩ! የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ሽቅብ አይወጣም፤ ጀልባዋ ወለል ላይ ይተኛል። አንዲት የእሳት ብልጭታ ትበቃዋለች። የፈሰሰውን በጨርቅ አድርቁ፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ነፋስ ይግባበት። ሲጋራ የያዘ ሰው ካለ ያጥፋ።

አሁን ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉ። ነጂው እጁ ላይ የሚያስራት ቀይ ገመድም በቦታዋ መሰካቷን እዩ። ይህች ገመድ ነጂው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩን የምታጠፋ ናት። በጉዞ መካከል አንድ ሰው ሲነሣ ጎትቷት ትወልቃለች፤ ማንም ልብ አይላትም። አንድ ሰዓት ሙሉ ሞተር ሲፈታ ቆይቶ መጨረሻ ላይ እሷን ያገኘ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ!

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ መፍቻ ከማንሣታችሁ በፊት ጆሯችሁን ስጡ። ቁልፉን አዙሩና አዳምጡ።

ምንም ድምፅ ከሌለ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ፊውዝ ወይም ቫልቮላ የምትባለውን እዩ። ውስጧ ያለችው ቀጭን ሽቦ ተቃጥላ ከሆነ ቁጥሩ እኩል በሆነ ሌላ ለውጧት። በላይዋ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አሁን ማንበብ ትችላላችሁ፤ አንብቡት። በእርሷ ምትክ ሽቦ ወይም የሲጋራ ብርማ ወረቀት የሚያስገባ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው ቃጠሎውን ከፊውዙ ወደ ጀልባው ማዛወሩ ነው።

«ጠቅ፣ ጠቅ» ብሎ ከቆመ ወይም ሞተሪኖው እያቃሰተ ቀስ ብሎ ከዞረ ባትሪውን ጠርጥሩ። ብዙ ጊዜ ግን ባትሪው ሳይሆን ሞርሴቶው ነው፤ ገመዱን ከባትሪው ጋር የሚያጣብቀው ማለታችን ነው። በእጃችሁ ወዝውዙት፤ መወዛወዝ የለበትም። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዘ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስትፈቱ መጀመሪያ የመቀነስ ምልክት (−) ያለበትን፣ ቀጥሎ የመደመር ምልክት (+) ያለበትን ፍቱ። ስታስሩ ደግሞ መቀነሱ መጨረሻ ይሁን። እንዲህ ካደረጋችሁ መፍቻው ብረት ቢነካም ብልጭታ አይነሣም። ዱቄቱን ፍቃችሁ አጽዱ፤ ዓይናችሁንም ጠብቁ፤ አሲድ አለበት። መለኪያ ያለው ሰው ካለ፣ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ከ12 በታች ከሆነ ደክሟል።

ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ ሞተሩ ካልተነሣ ግን ባትሪውን ተዉት፤ እሱ ሥራውን ሠርቷል። ከአሥር ሴኮንድ በላይም አታስጩኹት፤ ይቃጠላል። ካንዴላውን ፍቱ። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ እውነትም ቤንዚኑን የሚለኩሰው እሱ ነው። ጫፉን እዩት። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም። የጋኑ ክዳን ላይ ያለችው መተንፈሻ ተዘግታ እንደሆነ ክፈቱ፤ ቱቦው ተጣምሞ እንደሆነ አቅኑት፤ የጎማ ፓምፑንም እስኪጠጥር ጨምቁ። እርጥብ ከሆነ ቤንዚኑ ደርሷል፤ የጎደለው እሳቱ ነው። ጠርጋችሁ አድርቁት ወይም አዲስ ካንዴላ አስገቡ። ካንዴላውን ብረት ላይ አስጠግቶ ብልጭታውን መሞከር የመካኒክ ልማድ ነው። እኛ ግን ሰው በተሳፈረበት ጀልባ ላይ አታድርጉት እንላለን፤ ወደቡ ላይ ይደርሳል። ለዚህ ነው ሁለት ትርፍ ካንዴላ በላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ የሚሻለው።

ባትሪው ፈጽሞ ቢሞትስ? ብዙ ትንንሽ ሞተሮች በገመድ ተጎትተውም ይነሣሉ። ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን እንደገና እዩ፤ አለዚያ ጀልባዋ ድንገት ተስፈንጥራ ሰው ትጥላለች። ከኋላችሁ የተቀመጠውን ሰው ገለል በል በሉት፤ ክርናችሁ ጥርሱን እንዳያገኘው።

ከተነሣላችሁም መልህቁን ሳቡና ተጓዙ፤ ባሕር ዳር እስክትደርሱ ሞተሩን አታጥፉት።