የኔትወርክ ጠባቂው መዝገብ እንዳይጠፋ

ቀሐ በጎንደር ከተማ በምዕራብ በኩል የሚወርድ ወንዝ ነው። የፋሲል መዋኛ ወይም ጥምቀተ ባሕር ለጥምቀት በዓል የሚሞላው ከዚህ ወንዝ በቦይ ተጠልፎ በሚመጣ ውሃ ነው። በቦዩ ውስጥ ድንጋይ ቢገባ ወይም ግንቡ ቢሰነጠቅ ውሃው መንገድ ላይ ይቀራል። ቦዩን ተከትሎ የሚያይ ሰው ካለ ግን ችግሩ የት ላይ እንደሆነ ቶሎ ይታወቃል።

የኮምፒዩተር ኔትወርክም እንደዚሁ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ኔትወርክ ማለት ኮምፒዩተሮችና ሌሎች መሣሪያዎች በሽቦ ወይም በአየር ሞገድ ተያይዘው መልእክት የሚለዋወጡበት መረብ ነው። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ፣ ቴዎድሮስና ፋሲል በሚባሉ ግቢዎችና በሌሎችም ቦታዎች ይሠራል። እንዲህ ተራርቆ የሚሠራ ተቋም፣ ባንክም ይሁን ሆስፒታል፣ ያለ ኔትወርክ ሥራው አይገፋለትም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ስለ ኔትወርክ ጠባቂው ነው። በተለይም ጠባቂው የሚጽፈው መዝገብና የሚታዘዝበት ደንብ እንዳይጠፋ ምን መደረግ እንዳለበት እናያለን።

ጠባቂው ምን ይሠራል?

ይህ ጠባቂ ሰው አይደለም፤ ፕሮግራም ነው። ናጊዮስ፣ ዛቢክስና ካክታይ የሚባሉት ፕሮግራሞች በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ሦስቱንም ዋጋ ሳይከፍሉ ከኢንተርኔት ማውረድ ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠባቂው በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጥና፣ ለምሳሌ በየ5 ደቂቃው፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ «አለህ ወይ?» የሚል ጥያቄ ይልካል። መሣሪያው «አለሁ» ብሎ ከመለሰ ጠባቂው ሰዓቱንና መልሱ የፈጀውን ጊዜ ይመዘግባል። መልስ ካጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ ይጠይቃል። አሁንም ዝም ከተባለ ለባለሙያው በስልክ መልእክት ወይም በኢሜይል ያስታውቃል።

በየ5 ደቂቃው የሚጠየቅ አንድ መሣሪያ በሰዓት 12 ጊዜ፣ በቀን 288 ጊዜ ይጠየቃል። መሣሪያዎቹ 200 ቢሆኑ ጠባቂው በአንድ ቀን 57,600 መልስ ይሰበስባል ማለት ነው። ይህን ያህል መዝገብ ሰው በእጁ ልጻፍ ቢል አይችልም።

ደንብና መዝገብ

ጠባቂው ሁለት ዓይነት ነገር ይይዛል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ተገቢ ነው።

አንደኛው ደንቡ ነው። ባለሙያዎች ኮንፊገሬሽን ይሉታል። የትኞቹ መሣሪያዎች ይጠበቁ? አድራሻቸው ምንድን ነው? ስንት ጊዜ ዝም ሲሉ ነው ችግር አለ የሚባለው? ሌሊት ለማን ይደወል? ለነዚህ ጥያቄዎች ሰው የሰጠው መልስ ሁሉ በደንቡ ውስጥ አለ። ደንቡ አነስተኛ ነው፤ የሚለወጠውም አንዳንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መዝገቡ ነው። ይህ ዳታ የሚባለው ነው። ጠባቂው ቀንና ሌሊት የሰበሰበው መልስ ሁሉ በዚህ ይገኛል። መዝገቡ ትልቅ ነው፤ በየደቂቃውም ይጨምራል።

የሚቀመጡበት ቦታ እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል። ናጊዮስ ደንቡን የሚያስቀምጠው ማንም ሊያነባቸው በሚችል የጽሑፍ ፋይሎች ነው። ዛቢክስ ግን የመሣሪያዎቹን ዝርዝርም፣ መዝገቡንም በአንድ የመረጃ ቋት ወይም ዳታቤዝ ውስጥ ያኖራል። ካክታይ ደግሞ ዝርዝሩን በዳታቤዝ፣ የሥዕል መስመሮቹን ቁጥር አር አር ዲ በሚባሉ ፋይሎች ይይዛል። ስለዚህ «ፎልደሩን ገልብጫለሁ፣ በቃኝ» ማለት አይበቃም። የዛቢክስን ፎልደር ብቻ የገለበጠ ሰው ቤቱን ቆልፎ ዕቃውን ውጭ እንደ ተወ ሰው ነው።

መዝገቡ ቢጠፋ ምን ይጎዳል?

መብራት ድንገት ጠፍቶ ድንገት ሲመጣ የኮምፒዩተር ዲስክ ሊበላሽ እንደሚችል ብዙ ሰው ያውቃል። ጠባቂው ያለበት ኮምፒዩተር እንዲህ ቢበላሽስ? «ኔትወርኩ እስከ ሠራ ድረስ ምን ቸገረን?» የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

አንድ ሆስፒታል እንውሰድ። የላቦራቶሪው ውጤት ወደ ሐኪሙ የሚደርሰው በኔትወርክ ነው እንበል። ከሌሊቱ በ8 ሰዓት አንድ መሣሪያ ቆመ። ጠባቂው ደህና ከሆነ ተረኛው ባለሙያ ወዲያው ይነገረዋል። ጠባቂው ደንቡን ካጣ ግን ማንን እንደሚጠብቅም፣ ለማን እንደሚናገርም አያውቅም። ሐኪሙ ውጤት ይጠብቃል፣ በሽተኛው ሐኪሙን ይጠብቃል፣ የቆመውን መሣሪያ ግን የሚፈልገው ሰው የለም።

ደንቡን እንደገና መጻፍ ይቻላል። ግን የቀድሞውን የጻፈው ባለሙያ ሥራ ለቅቆ ወደ ሌላ አገር ሄዶ ቢሆንስ? የመሣሪያዎቹን አድራሻ አንድ በአንድ እየፈለጉ መጻፍ ብዙ ቀን ይፈጃል።

መዝገቡ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ያለፈው ዓመት ተመልሶ አይመጣም፤ ያለፈውን ዓመት መሣሪያ ዛሬ «አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። መዝገቡ ለክርክርም ይጠቅማል። «መስመራችሁ በዚህ ወር ይህን ያህል ሰዓት ተቋርጧል» ብሎ አገልግሎት ሰጪውን ለመጠየቅ፣ ወይም «ይህ መሣሪያ አርጅቷልና አዲስ ይገዛልን» ብሎ በጀት ለማስፈቀድ ማስረጃ ያስፈልጋል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ጽሑፉ አንድ ብቻ ሆኖ ከጠፋ ግን የሚወረስ ነገር አይኖርም።

ጎንደር ይህን ከድሮ ጀምሮ ታውቀዋለች። በ1859 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጠሉ። ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው የብራና መጻሕፍትም ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። በጥር 1880 ዓ.ም. ደግሞ የደርቡሽ ጦር ገብቶ ከተማዋን አቃጠለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የመሰለ ከዚህ የተረፈ ጥቂት ነው። አንድ ቅጂ ብቻ የነበረው መጽሐፍ ከተቃጠለ ለዘለዓለም ጠፋ ማለት ነው። ጸሐፊ ገልብጦት ወደ ሌላ ደብር የሄደው ግን ይተርፋል።

የኔትወርክ መዝገብም ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም። መገልበጥ አለበት፤ ግልባጩም ሌላ ቦታ መቀመጥ አለበት።

ግልባጭ እንዴት ይወሰዳል?

ግልባጭ ወይም ባክአፕ ስንወስድ የሚከተሉትን እናስተውል።

1ኛ. ደንቡ በተለወጠ ቁጥር ይገልበጥ። ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደ ለወጠው አንድ መስመር ይጻፍበት። አዲሱ ደንብ ችግር ቢያመጣ ወደ ቀድሞው መመለስ የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ነው።

2ኛ. ዳታቤዝ እየተጻፈበት ሳለ ፋይሉን እንዲሁ መገልበጥ አይገባም። ጸሐፊው መስመሩን ሳይጨርስ መዝገቡን ከእጁ እንደ መንጠቅ ነው፤ ግማሹ የቀድሞ፣ ግማሹ አዲስ ይሆናል። ማይ ኤስ ኪው ኤልና ፖስትግሬ ኤስ ኪው ኤል የሚባሉት ዳታቤዞች ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ የራሳቸው ትእዛዝ አላቸው። ትእዛዙ የአንድ ሰዓትን መዝገብ ሳይዛነፍ ያወጣል። ይህም ዳምፕ ይባላል።

3ኛ. አር አር ዲ ፋይሎች አንድ ጠባይ አላቸው። ባለ 32 ቢት በሆነ አሮጌ ኮምፒዩተር የተጻፈው ባለ 64 ቢት በሆነው አዲስ ኮምፒዩተር ላይ አይነበብም። ስለዚህ ከመዛወሩ በፊት ኤክስ ኤም ኤል ወደሚባል ተራ ጽሑፍ ይለወጣል፤ በአዲሱ ላይ እንደገና ይመለሳል። ይህን ያልሠራ ሰው ፋይሉ በእጁ እያለ ሊያነበው አይችልም።

4ኛ. የፕሮግራሙ የእትም ቁጥርና በኋላ የተጨመሩት ትናንሽ ፕሮግራሞች አብረው ይቀመጡ። የአንዱ እትም ግልባጭ በሌላው እትም ላይ አልገባ ሊል ይችላል።

5ኛ. ግልባጩ የይለፍ ቃል ስላለበት በምስጢር ይቆለፍ። ቁልፉ ግን እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ አይተው። ኮምፒዩተሩ ከተበላሸ ቁልፉም አብሮ ይሄዳላ!

6ኛ. በየሌሊቱ የሚወሰደው ግልባጭ የትናንቱን እያጠፋ አይተካ። ስሕተት አንዳንድ ጊዜ የሚታወቀው ከሳምንት በኋላ ነው። የ7 ቀን፣ የ4 ሳምንትና የ12 ወር ግልባጭ እየለዩ ማቆየት ጥሩ ልማድ ነው።

ግልባጩ የት ይቀመጥ?

ብዙ ባለሙያዎች የሚከተሉት ደንብ 3፣ 2፣ 1 ይባላል። ዋናውን ጨምሮ 3 ቅጂ ይኑር፤ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ ይያዝ፤ 1 ቅጂ ከቤት ውጭ ይሁን ማለት ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ ነበር። ብራናው ከየባለቤቱ ዘንድ ቀረ፤ የፊልሙ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚባል ቦታ ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር በማዘጋጀት ብዙ ዓመት ደክመዋል። ስንቆጥረው ብራናውና ሁለቱ ፊልሞች 3 ቅጂ ናቸው፤ ብራናና ፊልም 2 ዓይነት ነው፤ አንዱም ባሕር ማዶ ነው።

ግልባጭን በአንድ ቤት ማከማቸት ያለውን ጉዳት የሠለጠነው ዓለምም አይቶታል። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ የኦ ቪ ኤች ኩባንያ የኮምፒዩተር ማዕከል በእሳት ተያያዘ። አንድ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ። ግልባጫቸውን እዚያው ያኖሩ ደንበኞች ዋናውንም ግልባጩንም በአንድ ሌሊት አጡ።

«እንግዲያስ ሁሉን በኢንተርኔት ወደ ውጭ አገር ብንልከውስ?» የሚል ይኖራል። ይህም ብቻውን አይበቃም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበር እናስታውሳለን። መስመር ሲቆረጥ ባሕር ማዶ ያለ ግልባጭ አለ ቢባልም እጅ አይገባም። ስለዚህ አንዱ ቅርብ፣ አንዱ ራቅ ያለ ይሁን። ቢሮው ፒያሳ ከሆነ አንድ ዲስክ አዘዞ ባለ ሌላ ቢሮ ቢቀመጥ በእግር፣ በባጃጅም ይደረስበታል። ዲስኩም ግልባጭ ከተወሰደበት በኋላ ይነቀል። እንደ ተሰካ የሚቆይ ዲስክ ቫይረስ ዋናውን ሲቆልፍ አብሮ ይቆለፋል።

ግልባጩን መሞከር

ግልባጭ ወስዶ ዝም ማለት እህል ጎተራ ከትቶ ነቀዝ በላው አልበላው ሳያዩ እንደ መቀመጥ ነው። በጥር 2009 ዓ.ም. ጊትላብ በተባለው ታዋቂ የፕሮግራም ማከማቻ ድርጅት አንድ ሠራተኛ በስሕተት ዋናውን ዳታቤዝ አጠፋው። ድርጅቱ አምስት ዓይነት የግልባጭ ዘዴ ነበረው። ሲፈተሹ ግን እንደታሰበው የሠራ አልተገኘም። ያዳናቸው ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት አንድ ባለሙያ ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ ያስቀረው ቅጂ ነው። የ6 ሰዓቱ ዳታ ግን ጠፍቶ ቀረ።

ታዲያ ምን ይበጃል? በየሦስት ወሩ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ግልባጩን መልሶ ማስነሣት ነው። የመሣሪያዎቹ ቁጥር ከዋናው ጋር እኩል ነው? የባለፈው ወር መዝገብ ይታያል? ሥራው ስንት ሰዓት ፈጀ? ይህ ሁሉ ይጻፍ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ የሙከራው ጠባቂ መልእክት መላኪያ አስቀድሞ ይዘጋ። አለዚያ ሌሊት ተነሥቶ «ሁሉም ጠፋ!» እያለ ባለሙያዎቹን በከንቱ ይቀሰቅሳል።

ከዚህም ሌላ ጠባቂው ራሱ ግልባጩን እንዲጠብቅ ማዘዝ ይቻላል። የትናንት ሌሊቱ ግልባጭ ካልተወሰደ፣ ወይም መጠኑ ባዶ እስኪመስል ካነሰ ይናገራል። ሙከራውን የሚሠራው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ብቻ መሆን የለበትም። ሁለተኛ ሰው የተጻፈውን መመሪያ ብቻ እያነበበ ጠባቂውን ማስነሣት ከቻለ፣ ያ ተቋም በእርግጥ ግልባጭ አለው ማለት ይቻላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በኔትወርክ ጠባቂው ደንብና መዝገብ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ከጠፋ ሊተካ የማይችለው የትኛው ነው?
2. ዳታቤዝ እየተጻፈበት ሳለ ፋይሉን መገልበጥ የማይገባው ለምንድን ነው?
3. 3፣ 2፣ 1 የሚባለውን ደንብ በብራና መጻሕፍቱ ምሳሌ አስረዱ።
4. በምትሠሩበት ወይም በምትማሩበት ቦታ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው መዝገብ አለ? የት ተቀምጧል? ሁለተኛው የት ቢቀመጥ ይሻላል?