«ሕፃን ምን ያውቃል?»፦ ስለ ሕፃናት ትምህርት የሚታመነውና እውነታው

ልጅ መማር የሚጀምረው አጸደ ሕፃናት ገብቶ እርሳስ ሲጨብጥ ነው የሚለው እምነት በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ሥር የሰደደ ሲሆን፣ «ሕፃን ምን ያውቃል» የሚለው የተለመደ አነጋገርም ይህንኑ ያጠናክራል። እውነታው ግን ፅንስ በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ድምፅ የሚሰማ መሆኑ ነው፤ ዲካስፐርና ፋይፈር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 እንዳሳዩትም፣ ሕፃን በተወለደ በ3 ቀን ውስጥ የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ለይቶ ይመርጣል። የአንጎሉ መጠን በ5 ዓመቱ ከአዋቂ አንጎል 90 በመቶ ገደማ ስለሚደርስ፣ በ7 ዓመቱ አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ፣ በጎም ይሁን ክፉ፣ የበርካታ ዓመታት ትምህርት ይዞ ይገባል።

«ጨዋታ ጊዜ ማባከን ነው፤ ጎበዝ ልጅ ቶሎ ይጽፋል» የሚለው ደግሞ ጉዳቱ የከፋ እምነት ነው። ልጆች እቃ እቃ ሲጫወቱ ቆርኪውን ሲኒ፣ የጭቃውን ውኃ ቡና አድርገው ለእያንዳንዱ «እንግዳ» አንድ አንድ ሲኒ ሲያዳርሱ፣ የሒሳብ መነሻ የሆነውን አንድ ለአንድ የማዛመድ ችሎታ በተግባር ይለማመዳሉ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ ቅደም ተከተልን ያውቃሉ፤ ተራቸው እስኪደርስ ሲጠብቁም ራስን መግዛትን፣ ማለትም የቸኮለ ስሜትን አስታግሦ ደንብ መከተልን ይማራሉ። ከሁሉ በላይ፣ ቆርኪ ሲኒን ሊወክል እንደሚችል የተረዳ አእምሮ ፊደል ድምፅን እንደሚወክል ለመረዳት መንገድ ጀምሯል። በአንጻሩ ከ4 ዓመት ልጅ የእጅ አንጓ አጥንቶች ብዙዎቹ ገና ወደ ጠንካራ አጥንትነት ያልተለወጡ፣ የጣቶቹ እንቅስቃሴም ያልረጋ በመሆኑ፣ ገጽ ሙሉ ፊደል እንዲገለብጥ ከማስገደድ ይልቅ ሊጥ እንዲያድቦለቡልና ምስር እንዲለቅም መፍቀድ እጁን ለጽሕፈት ያዘጋጃል። ለዚህ ስሕተት መምህራንን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሐዊ አይደለም፤ የትምህርት ቤትን ጥራት በቤት ሥራ ብዛት የሚለካ ወላጅም መምህሯን ወደዚያው ይገፋታል።

ልጅን ማነጽ የተማረ ወላጅና ውድ መጫወቻ ይጠይቃል የሚለውን እምነት የጃማይካ ተሞክሮ ያፈርሰዋል። በኪንግስተን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ፣ በምግብ እጥረት ዕድገታቸው የቀነጨረ 129 ሕፃናት በተሳተፉበት ጥናት፣ የተወሰኑት ቤተሰቦች ለ2 ዓመት በየሳምንቱ ለ1 ሰዓት ያህል በጤና ሠራተኞች ይጎበኙ ነበር፤ እናቶችም በቤት ውስጥ በሚሠሩ ቀላል መጫወቻዎች ከልጆቻቸው ጋር መጫወትንና መነጋገርን ተለማመዱ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ ይህን እገዛ ያገኙት ካላገኙት አቻዎቻቸው 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው።

ልጅን ዝም ለማሰኘት ስልክ መስጠት «ቋንቋ ያስተምረዋል» የሚባለውም መሠረት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉትም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ያሳስባል። ሁለት ቋንቋ የልጅን አፍ ያስራል በሚል ሥጋት በዋሽንግተንም ሆነ በአዲስ አበባ አማርኛን ትተው በማይመቻቸው እንግሊዝኛ ልጆቻቸውን የሚያናግሩ ወላጆች ደግሞ፣ ተረቱን፣ እንቆቅልሹንና ሰፊውን ወግ በጥቂት የትእዛዝ ቃላት ይተካሉ። የሁለት ቋንቋ ልጅ በአንዱ ቋንቋ ብቻ ሲመዘን የቃላቱ ብዛት አነስ ሊል ይችላል፤ የሁለቱ ቋንቋዎች ቃላት አንድ ላይ ሲቆጠሩ ግን ብዙውን ጊዜ ከእኩዮቹ አያንስም።