በክንድ የሚቀበረው የወሊድ መቆጣጠሪያ፦ ፖሊመሩ ምን ይሠራል?

በክንድ ስለሚቀበረው የወሊድ መቆጣጠሪያ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። «ሆርሞን ነው» ይባላል፤ ልክ ነው። ግን እኮ ሆርሞኑ ብቻውን ቢሰጥ ዓመታት አይቆይም። የሚያቆየው ፖሊመሩ ነው። እኔም የኬሚስትሪ ተማሪ እንደመሆኔ ላስረዳችሁ የፈለግሁት ይህንኑ የፖሊመሩን ሥራ ነው። ምሳሌዬ ኢምፕላኖን ይሁን።

ክኒን ሲዋጥ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ከፍ ይልና መልሶ ይወርዳል፤ ስለዚህ በየቀኑ መዋጥ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ጁዳ ፎክማንና ዴቪድ ሎንግ የተባሉ አሜሪካውያን በሲሊኮን ጎማ ውስጥ የተደረገ መድኃኒት የጎማውን ግድግዳ እያለፈ ቀስ ብሎ እንደሚወጣ አሳዩ። የኢምፕላኖንም ሐሳብ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ኢምፕላኖን ለሦስት ዓመት እንዲያገለግል የተሠራ፣ 4 ሴንቲ ሜትር የሚረዝምና 2 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ዘንግ ነው። በውስጡ 68 ሚሊ ግራም ኢቶኖጄስትሬል የተባለ ሆርሞን ኢቲሊን ቫይኒል አሲቴት ከሚባል ፖሊመር ጋር ተቀላቅሏል። ከላይ ደግሞ የዚሁ ፖሊመር ዘር የሆነ 0.06 ሚሊ ሜትር ሽፋን አለው። በሽፋኑ ውስጥ ያለው የቫይኒል አሲቴት ድርሻ ከውስጠኛው ስለሚያንስ ሆርሞኑን ቶሎ አያሳልፍም። በር ጠባቂው እሱ ነው ማለት ይቻላል።

እስቲ እናስላው። 68 ሚሊ ግራም ለ1095 ቀን እኩል ቢካፈል በቀን 62 ማይክሮ ግራም ገደማ ይሆናል። በተግባር ግን በ5ኛውና በ6ኛው ሳምንት በቀን ከ60 እስከ 70 ማይክሮ ግራም የነበረው፣ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ከ25 እስከ 30 ይወርዳል። ለምን? ሆርሞኑ ከበዛበት ወደ አነሰበት ስለሚሄድ፣ ውስጡ እየሳሳ ሲመጣ የሚወጣውም ይቀንሳል። እንግዲህ ሦስት ዓመት ሲሞላ ከሆርሞኑ ቀላል የማይባል መጠን እዚያው ዘንጉ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው።

ሌላው ቁም ነገር ይህ ፖሊመር ሰውነት ውስጥ የማይሟሟ መሆኑ ነው። ከላክቲክና ከግላይኮሊክ አሲድ የሚሠሩት ግን ውኃ ቀስ በቀስ እየሰባበራቸው ይጠፋሉ፤ የሚያወጣቸው ሰው አያስፈልግም። ታዲያ የትኛው ይሻላል? የሚሟሟው አንዴ ከገባ መሐል ላይ ማስቆም ያስቸግራል። ኢምፕላኖንን ግን ሴትየዋ መውለድ ካማራት ወይም ካልተስማማት በማንኛውም ጊዜ ማስወጣት ትችላለች።

ትችላለች ስንል ግን የሚያወጣላት ባለሙያ ካለ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሠልጥነው ኢምፕላኖንን በየቀበሌው ማስገባት ጀመሩ። ማውጣቱ ግን ለጤና ጣቢያ ባለሙያ የተተወ ሥራ ነበር። ጤና ጣቢያው ለራቃት ሴት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

በእኔ አስተያየት የማይሟሟ ፖሊመር የመረጠ የጤና ፕሮግራም፣ ዘንጉን ከገባበት ቦታ ሳይርቅ የሚያወጣ ሰውም አብሮ ማዘጋጀት አለበት። ያለዚያ የፖሊመሩ ዋና ጥቅም ወረቀት ላይ ይቀራል።