ሥጋ ውስጥ የሚሟሟ ብርጭቆ

የሻይ ብርጭቆ ወድቆ ሲሰበር፣ በእኛ አካባቢ፣ ከላላም ይሁን መካነ ሰላም፣ መጀመሪያ የሚሰማው "እንዳትረግጡት!" የሚል ጩኸት ነው። ልጆቹ መደብ ላይ ይወጣሉ፣ መጥረጊያ ይመጣል፣ ስባሪው ተለቃቅሞ ከሰው መንገድ ይርቃል። እግር ውስጥ የቀረች ቅንጣት መግል ይዛ እስክትወጣ ድረስ እንደማታስተኛ የማያውቅ የለም። ታዲያ ሐኪሞች ወደ 40 ለሚጠጉ ዓመታት ብርጭቆ ሆን ብለው ሰው አጥንት ውስጥ ሲያስገቡ ኖረዋል፤ አሁን ደግሞ አቅልጠው፣ እንደ ባዘቶ አሳስተው፣ አልድን ባለ ቁስል ላይ ይጭኑታል ብንባል ማን ያምናል? ነገሩ ግን እውነት ነው። የሚያቆስለውና የሚያድነው ብርጭቆ የሚለያዩት በቅመማቸው ልክ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ካለው እንጀምር። የሻይ ብርጭቆ ከ100 እጅ ከ70 የሚበልጠው ሲሊካ ነው፤ የአሸዋ ዋናው ንጥረ ነገር ማለት ነው። 14 እጅ ያህሉ ከሶዳ የሚገኝ ሶዲየም ኦክሳይድ፣ 10 እጅ ያህሉ ደግሞ ከኖራ ድንጋይ የሚገኝ ካልሲየም ኦክሳይድ ነው። ጥሬ ዕቃው ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ከመካነ ሰላም ወይም ከወግዲ ደጋ ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ ሰው ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ አለት አልፎ የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ ገደል ያገኛል። ሶዳው ደግሞ ከስምጥ ሸለቆ፣ ከአቢጃታ ሐይቅ ሲመረት ኖሯል። አሸዋ ብቻውን ለመቅለጥ ከ1700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይጠይቃል፤ ሶዳ ሲጨመርበት በጣም ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። ሶዳ የበዛበት ብርጭቆ ግን ውኃ ያሟሟዋል። ኖራው የሚገባው ይህን ለመከላከል ነው። እንግዲህ የሻይ ብርጭቆ ሻዩን የሚይዘው እንዳይሟሟ ተብሎ ስለተቀመመ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀልጦ የነበረው ነገር ሲቀዘቅዝ አተሞቹ ረድፍ ሳይዙ፣ እንደተዘበራረቁ ደርቀው ከቀሩ ብርጭቆ ይሆናል፤ ረድፍ ይዘው ከተደረደሩ ክሪስታል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘውና በዓለም ገበያ ስሙ የገነነው ኦፓል ራሱ በቅጡ ረድፍ ያልያዘ፣ ውኃ ያዘለ ሲሊካ ነው። ቀልጦ ሳይሆን ሲሊካ የተሸከመ ውኃ በእሳተ ገሞራ አመድ መካከል ሰርጎ እንደ ሙጫ እየረጋ የተፈጠረ ነው። ሲሊካ በውኃ ውስጥ መርጋት መቻሉን እናስታውስ፤ ሰው ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ስንተርክ እንፈልገዋለን።

አሁን ብርጭቆን መድኃኒት ወዳደረገው ሰው እንሂድ። ላሪ ሄንች በአሜሪካ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሴራሚክ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አንድ የጦር ሠራዊት የቁሳቁስ ጉባኤ በአውቶቡስ ሲሄድ አጠገቡ የተቀመጠው ከቬትናም የተመለሰ ኮሎኔል ነበር። ኮሎኔሉ እግራቸውና እጃቸው የሚቆረጥ ወታደሮችን አይቶ መጥቷል። በዚያን ጊዜ ሐኪሞች አጥንት የሚጠግኑት በብረትና በፕላስቲክ ነበር፤ ሰውነት ደግሞ ባዕድ ነገር ሲያገኝ በጠባሳ ከቦ ከራሱ ይለየዋል። ስለዚህ ኮሎኔሉ ያቀረበው ጥያቄ ፍሬ ነገር አንድ ነበር፦ ሰውነት የማይገፋው ቁስ መሥራት ይቻላል ወይ?

የሄንች አስተሳሰብ ቀላል ነው፤ እኔን የሚገርመኝም ቀላልነቱ ነው። የአጥንት ማዕድን ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባል የካልሲየምና የፎስፌት ውህድ ነው። አንድ ቁስ ሰውነት ውስጥ ገብቶ በገጹ ላይ ይህንኑ ማዕድን ራሱ ቢያበቅል፣ አጥንት ዘመዱን አገኘ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የቀመመው ብርጭቆ በክብደት 45 እጅ ሲሊካ፣ 24.5 እጅ ሶዲየም ኦክሳይድ፣ 24.5 እጅ ካልሲየም ኦክሳይድ፣ 6 እጅ ደግሞ ፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ ነበር። ቅመሙ እስከ ዛሬ 45ኤስ5 በሚል ስም ይጠራል። ቴድ ግሪንሊ የተባለ የአጥንት ቀዶ ሐኪም በአይጦች የጭን አጥንት ውስጥ አስገባው። ከ6 ሳምንት በኋላ ሊያወጣው ሲሞክር አልወጣም፤ ገፋ፣ ጎተተ፣ ብርጭቆው ከአጥንቱ ጋር አንድ ሆኗል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የሚሆነውን እንየው። ብርጭቆው የሰውነትን ፈሳሽ እንደነካ ሶዲየሙ እየወጣ ይሄዳል፤ በቦታው ከውኃው ሃይድሮጅን ይገባል። ሃይድሮጅን ከፈሳሹ ስለተወሰደ አካባቢው አልካሊ ይሆናል፤ ወደ አመድ ውኃ ባሕርይ ያደላል ማለት ነው። አልካሊው የሲሊካውን ሰንሰለት ይበጣጥሳል፤ የተበጣጠሰው ሲሊካ መልሶ ይረጋና በብርጭቆው ገጽ ላይ ለስላሳ ሙጫ መሳይ ሽፋን ይሆናል። ይህ ሽፋን ከብርጭቆው የወጣውንም በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ያለውንም ካልሲየምና ፎስፌት ይሰበስባል። የተሰበሰበው ማዕድን በሰዓታት ውስጥ መደርደር ይጀምርና ከአጥንት ማዕድን ጋር የሚመሳሰል አፓታይት ይሆናል። ኮላጅን የሚባለው የሰውነት ጅማት መሳይ ፕሮቲን እዚያ ላይ ይጣበቃል፤ አጥንት ሠሪ ሴሎች ይሰፍራሉ። ከዚያ ወዲያ ሥራው የሰውነቱ ነው።

ሄንች በኋላ ወደ ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ሄዶ ከጁሊያ ፖላክ ጋር ሲሠራ ሌላ ነገር ታየ። ከብርጭቆው የሚሟሟው ሲሊከንና ካልሲየም አጥንት ሠሪ ሴሎች ውስጥ ያሉ ጂኖችን ለሥራ ይቀሰቅሳል። ብርጭቆው ቦታ መሙያ ብቻ ሳይሆን ሲሟሟ ለሴሎቹ ትእዛዝም ይሰጣል ማለት ነው። ሲሊካው ከ60 እጅ ካለፈ ግን ይህ ሁሉ ይቀራል፤ ብርጭቆው አይሟሟም፣ አጥንትም አይቀበለውም። የሻይ ብርጭቆ ስባሪ እግር ውስጥ የሚያመግለው፣ የሄንች ብርጭቆ የሚያድነው በዚህ ልዩነት ነው። ስለዚህ እባካችሁ ማንም ሰው ብርጭቆ ፈጭቶ ቁስል ላይ እንዳይነሰንስ!

የመጀመሪያው በሰው ላይ የዋለው ምርት እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ የመሐል ጆሮ ትንንሽ አጥንቶች ምትክ ነው። ከዚያ ጥርስ ሐኪሞች ዘንድ ደረሰ። ብዙዎቻችን ደግሞ ሳናውቀው አፋችን ውስጥ አስገብተነው ይሆናል፦ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ለሚነዝር ጥርስ የሚሸጡ አንዳንድ የጥርስ ሳሙናዎች፣ ለምሳሌ በአንዳንድ አገሮች የሚሸጠው ሴንሶዳይን ሪፔር ኤንድ ፕሮቴክት፣ ይኸው ብርጭቆ በዱቄት መልክ አለባቸው። ቱቦው ላይ ካልሲየም ሶዲየም ፎስፎሲሊኬት የሚል ከተጻፈ እሱ ነው። ጥርስ የሚነዝረው ከውስጥ ወደ ነርቭ የሚያደርሱ ደቃቅ ቀዳዳዎች ሲገለጡ ነው፤ ዱቄቱ ከምራቅ ጋር ተዋሕዶ አፓታይት ይሆንና ይደፍናቸዋል።

እስካሁን ያልነው ስለ ዱቄትና ስለ ጠጠር ነው። ክሩስ? ብርጭቆ አቅልጦ መፍተል ለፋብሪካ አዲስ ነገር አይደለም፤ የጀልባ አካልም የውኃ ታንከርም ከብርጭቆ ክር ይሠራል። የሄንች ቅመም ግን ለመፈተል ያስቸግራል፤ እንደገና ሲሞቅ አተሞቹ ቶሎ ረድፍ ይዘው ክሪስታል ይሆናሉ፣ ክሩም ይበጠሳል። የፊንላንድ ቱርኩ ከተማ ተመራማሪዎች ፖታሲየምና ማግኒዥየም ጨምረው 13-93 የሚባል የሚፈተል ቅመም አወጡ። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ሮላ ከተማ፣ ዴልበርት ዴይና ስቲቭ ጁንግ ደግሞ ሲሊካውን ጨርሰው አውጥተው በቦሮን ኦክሳይድ ተኩት። የሲሊካ ብርጭቆ ሲሟሟ ያ ሙጫ መሳይ ሽፋን ውስጡን ስለሚጋርደው ሥራው እየዘገየ ይሄዳል። ቦሮን ግን ሽፋን አይተውም፤ ብርጭቆው እስከ መሐሉ ድረስ ይሟሟል፣ ካልሲየሙ አፓታይት ሆኖ ይቀራል።

ለምን ክር? መልሱ ሒሳብ ነው። የክሩ ውፍረት 10 ጊዜ ሲቀንስ፣ በዚያው ክብደት ፈሳሽ የሚነካው ገጽ 10 ጊዜ ያድጋል። ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ክር ስለዚህ ቶሎ ይሠራል። በሐኪም እጅ ሲያዝ ነጭ ባዘቶ ይመስላል፤ ቁስሉ ጥልቅም ይሁን ጠማማ ተጠቅጥቆ ይገባል። ሌላም ምክንያት አለ። ደም ሲረጋ ሰውነት ራሱ ፋይብሪን የሚባል የክር መረብ ይሠራል፤ ቆዳ የሚሠሩ ሴሎች በዚያ መረብ ላይ እየተሳቡ ነው ቁስሉን የሚሞሉት። አልድን ባለ ቁስል ውስጥ ይህ መረብ ተበላሽቷል። የብርጭቆው ክር ምትኩን ያቀርባል፤ የሚለቀው ካልሲየምም ለሴሎቹ ጉዞ ያስፈልጋል።

ማስረጃው ምን ያህል ነው? ከታተሙት ጥናቶች አንዱ በአሜሪካ 40 የስኳር ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ነው። ሁሉም አልሽር ያለ የእግር ቁስል ነበራቸው፤ 20ዎቹ መደበኛውን ሕክምና ብቻ፣ 20ዎቹ ከመደበኛው በተጨማሪ የቦሮን ብርጭቆ ክር አገኙ። በ12 ሳምንት ክሩን ካገኙት 14ቱ፣ ካላገኙት 5ቱ ድነዋል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሰዎቹ ግን ጥቂት ናቸውና እኔ ተአምር ብዬ አልጠራውም፤ ተስፋ ግን ይሰጣል።

ቡና ላይ ይህን ያወራ ሰው ሁለት ጥያቄ አያመልጠውም። አንደኛው የሟሟው የት ይሄዳል የሚል ነው። ሶዲየሙ ከሰውነት ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላል፤ ቦሮኑና ሲሊከኑ በደም በኩል ኩላሊት ደርሰው በሽንት ይወጣሉ። ሁለተኛው ፍርሃት ነው፦ ደቃቅ ማዕድን ሰውነት ሲገባ አይጎዳም ወይ? ይጎዳል፤ ፍርሃቱ ትክክል ነው። አስቤስቶስ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ዕድሜ ልክ የሚያቆስለው ስለማይሟሟ ነው። ሩቅም አንሂድ፤ በደጋው ቀይ አፈር በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎችን እግር የሚያሳብጠው ፖዶኮኒዮሲስ፣ ሰው የዝሆን እግር የሚለው፣ በአፈሩ ውስጥ ያሉ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ ገብተው እንደሚያመጡት ይታመናል። በሽታውን ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ የለየው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ ሐኪም ነው። እነዚያ ቅንጣቶች እዚያው ይቀመጣሉ፤ የሕክምናው ብርጭቆ ግን ሥራውን ሠርቶ ይጠፋል።

ለእኛ አካባቢ እኔ ከቁስሉ ይልቅ ዓይኔን የሚስበው አጥንት ነው። ሰው ከገደል ወይም ከበቅሎ ወድቆ አጥንቱ ቆዳውን ሰብሮ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ወጌሻ ለወለምታና ላልተከፈተ ስብራት ብዙ ሰው አስነሥቷል፤ ክፍት ስብራት ግን ሌላ ነገር ነው። ጠብቆ የታሰረ እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ይደርሳል፤ ጀርም የገባበት አጥንት ደግሞ መግል ይዞ ለዓመታት በቀዳዳ ሲያፈስ ይኖራል። ለዚህ ዓይነቱ የቱርኩ ሰዎች ሌላ ብርጭቆ አላቸው፤ ኤስ53ፒ4 ይባላል፣ ሲሊካው 53 እጅ ነው። ቀዶ ሐኪሙ የሞተውን አጥንት ጠርጎ ያወጣና ጉድጓዱን በብርጭቆው ጠጠር ይሞላዋል። ሶዲየሙ ሲወጣ አካባቢው አልካሊና ጨዋማ ስለሚሆን ጀርሙ መኖር ያቅተዋል፤ ከዚያ አጥንት ቀስ በቀስ ቦታውን ይረከባል። ማርም ቁስል ላይ ሲደረግ ከጀርሙ ውኃ ይመጥጣል፤ ግን አሲድ ነው፣ ብርጭቆው በተቃራኒው አልካሊ። ሁለቱም መንገዶች መድኃኒት የተላመደን ጀርም ሳይቀር ይይዙታል፤ አንቲባዮቲክ እየደከመ ባለበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዋጋው ለምን ውድ ሆነ ለሚል፣ ውድ የሚያደርገው አሸዋው አይደለም። ቅመሙ ቆሻሻ እንዳይነካው ብዙ ጊዜ በፕላቲኒየም ዕቃ ውስጥ ይቀልጣል፤ ክሩ የአየር እርጥበት ከነካው ቁስሉ ላይ ከመድረሱ በፊት መሟሟት ስለሚጀምር በጥብቅ ይታሸጋል፤ በዚያ ላይ የምርመራውና የፈቃዱ ወጪ አለ።

የማይችለውም ብዙ ነው። ብርጭቆ ተሰባሪ ነውና የተሰበረ ጭን ተሸክሞ አያቆምም፤ ያንን ብረት ይሠራዋል። ያልተጠረገ ቁስል ላይ ቢደረግ የሞተውን ሥጋ ከመሸፈን አያልፍም። ወደ እግር የሚወርደው የደም ሥር ከተዘጋ ደግሞ ሴሎቹ ምግብ ስለማያገኙ ምንም ዓይነት ክር አያድነውም። የስኳር ሕመምተኛ ቁስል ይዞ መካነ ሰላም፣ ደሴ ወይም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሲደርስ፣ ሐኪሙ ቁስሉን ከማየቱ ጋር እግሩ ላይ ጣቱን አስቀምጦ ትርታ የሚፈልገው ለዚህ ነው።